የአንጎልን የደም ሥሮች ለሐኪሞች ዓይን የገለጡት፣ በኖቤል ሽልማታቸው ግን ዛሬም የሚወቀሱት ኤጋስ ሞኒዝ

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ጁን 28 ቀን 1927 በፖርቱጋል መዲና ሊዝበን አንድ የ20 ዓመት ወጣት በራጅ ጠረጴዛ ላይ ተንጋሎ ነበር። በአንጎሉ ሥር ዕጢ በቅሎበታል። ሐኪሞቹ አንገቱን ከፍተው ወደ አንጎል ደም የሚወስደውን ትልቁን የደም ሥር አወጡ፤ ለአፍታ ያህል የደሙን ፍሰት ገቱ፤ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ በመርፌ ሰጡና ወዲያው ራጅ አነሱ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወት ባለ ሰው ላይ በዚያ መልኩ ታይቶ የማያውቅ ነገር ነበረበት። የአንጎል የደም ሥሮች ከነቅርንጫፎቻቸው፣ ቅጠሉ እንደረገፈ ዛፍ ተዘርግተው ታዩ። ዕጢው ገፍቶ ከቦታቸው ያሸሻቸውም ሳይቀሩ ተለይተው ይታወቁ ነበር።

ሥራውን የመሩት ፕሮፌሰር ኤጋስ ሞኒዝ የዚያን ጊዜ 52 ዓመታቸው ነበር። መርፌውን የያዙት ግን እሳቸው አልነበሩም። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያሠቃያቸው ሪህ የእጃቸውን ጣቶች አቆልምሞባቸው ስለነበር ቢላዋም ሆነ መርፌ ለመያዝ ይቸገሩ ነበር። በሕይወታቸው ሙሉ የሚያስቡት እሳቸው፣ የሚሠሩት ግን የሌላ ሰው እጆች ነበሩ።

ዛሬ ሞያሞያ የተባለው ብርቅዬ የአንጎል ደም ሥር በሽታ ያለባቸው ሕፃናትና አዋቂዎች በቀዶ ሕክምና የሚረዱት ያ ምስል ስለተገኘ ነው። ሞኒዝ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ግን በዚህ ሥራቸው አይደለም። የተሸለሙት፣ በኋላ ዓለም ባፈረበትና የብዙ ቤተሰቦችን ሕይወት ባናጋ ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው።

ከአቫንካ እስከ ፓሪስ የሰላም ጉባኤ

ሞኒዝ የተወለዱት በ1874 በሰሜናዊ ፖርቱጋል አቫንካ በምትባል የገጠር ከተማ፣ ጥንታዊ የባላባት ዘር ካለው ቤተሰብ ነው። ኤጋስ ሞኒዝ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የክርስትና አባታቸው የሆኑት ቄስ አጎታቸው ናቸው። ስሙ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያውን የፖርቱጋል ንጉሥ ያሳደገው መኳንንት ስም ነው። በአገሬው አፈ ታሪክ ይህ መኳንንት፣ ስለ ጌታው የገባው ቃል ሳይፈጸም በመቅረቱ አንገቱን በገመድ አስሮ፣ ቤተሰቡን አስከትሎ፣ ነፍሱን በቃሉ ፋንታ ሊሰጥ ወደ ባላጋራው ንጉሥ ዘንድ ሄዷል። ልጁ ይህን ስም ተሸክሞ አደገ።

በኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው በ1899 ተመረቁ። በፈረንሳይ በቦርዶና በፓሪስ ከታወቁት የነርቭ ሐኪሞች ሥር ተማሩ። በ1911 በሊዝበን ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ፤ በዚያ ወንበር ላይም እስከ 1944 ቆዩ።

ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት የአገራቸው ሰዎች የሚያውቋቸው በሐኪምነታቸው ሳይሆን በፖለቲከኛነታቸው ነበር። በ1903 የምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። ፖርቱጋል ንጉሣዊውን አገዛዝ ጥላ ሪፐብሊክ ስትሆንም ከመድረኩ አልጠፉም። በማድሪድ የአገራቸው መልእክተኛ፣ በ1918 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃም በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ የፖርቱጋልን ልዑካን መሩ። የመንግሥቱ ነፋስ ሲቀየር ግን ቦታውን ለሌላ ለቀው ተመለሱ።

ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜና በዚህ ማዕረግ ጡረታውን ማሰብ ይጀምራል። ሞኒዝ የሳይንስ ሥራቸውን የጀመሩት ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው።

የተዘጋ ሣጥን

ያን ጊዜ የራስ ቅል ለሐኪሞች የተዘጋ ሣጥን ነበር። ራጅ አጥንትን ያሳያል፤ ከአጥንቱ ውስጥ ያለውን ለስላሳውን አንጎል ግን አያሳይም። አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ በ1918 የአንጎልን ፈሳሽ በአየር በመተካት ጥላውን በራጅ የማንሳት ዘዴ ፈጥረው ነበር። ዘዴው ጠቃሚ ቢሆንም ለሕመምተኛው እጅግ የሚያሠቃይ፣ አንዳንዴም ለሞት የሚያደርስ ነበር።

የሞኒዝ ሐሳብ ቀላል ነበር። ደም ወደ አንጎል ሁሉ ይደርሳል። ስለዚህ ራጅን የሚያግድ ፈሳሽ ከደሙ ጋር ቢላክ፣ ፈሳሹ የሄደበት መንገድ ሁሉ በፊልሙ ላይ ይሳላል። አስቸጋሪው፣ ራጅን ለማገድ የሚበቃ ነገር ግን አንጎልን የማይመርዝ ፈሳሽ ማግኘቱ ነበር። ሞኒዝና ወጣቱ ረዳታቸው ፔድሮ አልሜይዳ ሊማ በጥንቸሎችና በውሾች፣ ከዚያም በአስከሬን ላይ ልዩ ልዩ ውሁዶችን ሞከሩ።

በሰው ላይ መጀመሪያ የተጠቀሙት የስትሮንቲየም ብሮማይድ ውሁድ ነበር። ምስሎቹ አላረኩም። ከመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች አንዱም ከምርመራው በኋላ ሞተ። በዛሬው መመዘኛ እዚህ ላይ ብዙ ጥያቄ ይነሣል፤ ሕመምተኛው የሚደረግበትን ያውቅ ነበር? ፈቃዱ ተጠይቋል? በዚያ ዘመን ግን እንዲህ ያለውን ሙከራ የሚመረምር አካል አልነበረም፤ መቀጠልም ሆነ ማቆም የፕሮፌሰሩ ውሳኔ ነበር። ሞኒዝ ብሮማይዱን ትተው ወደ ሶዲየም አዮዳይድ ዞሩ። የጁን 28ቱ ምስል የተገኘው በዚህ ነው። ከዘጠኝ ቀናት በኋላ በፓሪስ የነርቭ ሐኪሞች ማኅበር ፊት ቀርበው ውጤታቸውን አሳዩ።

አንጂዮግራፊ የተባለው ይህ ዘዴ የአንጎል ሕክምናን መልክ ለወጠ። ቀዶ ሐኪሙ ቅሉን ከመክፈቱ በፊት ዕጢው የት እንዳለ ያይ ጀመር። በ1937 ሞኒዝና ባልደረቦቻቸው፣ በአንድ ወገን ሽባ የሆኑ ሰዎች በአንገታቸው ያለው ትልቁ የደም ሥር ተዘግቶ እንደነበር በምስሉ አሳዩ። እስከዚያ ድረስ ስትሮክ ማለት በአብዛኛው በራስ ቅል ውስጥ የሚፈጸም፣ ከአስከሬን ምርመራ በፊት የማይታይ ነገር ነበር።

ዘዴው የራሱ ጥላም ነበረው። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሞኒዝም ሌሎችም ቶሮትራስት የተባለ፣ ቶሪየም ያለበት ፈሳሽ ይጠቀሙ ጀመር። ምስሉ ጥርት ያለ፣ ሕመምተኛውም ወዲያው የማይጎዳበት ነበር። ቶሪየም ግን ጨረር አመንጪ ነው፤ በጉበት ውስጥ ተቀምጦ ከዓመታት በኋላ ካንሰር እንደሚያስከትል የታወቀው ብዙ ሰው ከወሰደው በኋላ ነው። አዮዲን ያላቸው የተሻሉ ፈሳሾች ሲገኙ ቶሮትራስት ቀረ፤ አንጂዮግራፊው ግን ቀጠለ።

ሞኒዝ በዚህ ሥራቸው በ1928 እና በ1933 ለኖቤል ሽልማት ታጭተው ነበር። አልተሰጣቸውም።

ህዳር 1935

በ1935 በጋ ሞኒዝ በለንደን በተደረገ ዓለም አቀፍ የነርቭ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ተገኙ። በዚያ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የፊተኛው የአንጎል ክፍላቸው ስለተወገደ ሁለት ቺምፓንዚዎች አቀረቡ። ከሁለቱ አንዷ ቀድሞ ስትሳሳት በቁጣ ትንፈራፈር የነበረች ስትሆን፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለስሕተቷ ግድ የሌላት ሆና ነበር።

ሞኒዝ ከጉባኤው ከተመለሱ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በህዳር 12 ቀን፣ አንዲት የ63 ዓመት የአእምሮ ሕመምተኛ በሊዝበን ሳንታ ማርታ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ቀረቡ። አልሜይዳ ሊማ ቅላቸውን በሁለት በኩል ቀድደው በፊተኛው አንጎል ውስጥ አልኮል ከተቱ፤ ዓላማው በዚያ የሚያልፉትን የነርቭ ክሮች መግደል ነበር። ብዙም ሳይቆይ አልኮሉ ቀርቶ ክሮቹን የሚቆርጥ ቀጭን መሣሪያ ሠሩ። ሌውኮቶሚ ብለው ሰየሙት።

በጥቂት ወራት ውስጥ 20 ሰዎች ላይ ተደረገ። በ1936 ባሳተሙት ዘገባ ሞኒዝ ሰባቱ ድነዋል፣ ሰባቱ ተሽሏቸዋል፣ ስድስቱ ለውጥ አላሳዩም ሲሉ ጻፉ። የሞተ አልነበረም። ነገር ግን ሕመምተኞቹ ክትትል የተደረገላቸው ለአጭር ጊዜ ነበር፤ ድኗል፣ አልዳነም ብለው የወሰኑትም ራሳቸው ሞኒዝ ናቸው። ሕመምተኞቹን የላኩላቸው የአእምሮ ሐኪሙ ሶብራል ሲድ ወደ እሳቸው የተመለሱትን ሰዎች አይተው አልተደሰቱም። ጸጥ ያሉት ስለዳኑ ሳይሆን ከሰብእናቸው አንድ ነገር ስለጎደለባቸው ነው የሚል አቋም ያዙ፤ ከዚያ ወዲያም ሕመምተኛ መላክ አቆሙ።

በሁለቱ የሞኒዝ ሥራዎች መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። ሰውየው አንድ ናቸው፤ ድፍረታቸውም ችኮላቸውም አንድ ነው። የአንጂዮግራፊው ፊልም ግን በፓሪስም ሆነ በስቶክሆልም ማንም ሐኪም በዓይኑ አይቶ ሊመሰክርበት ወይም ሊክደው የሚችል ነገር ነበር። የሌውኮቶሚ ውጤት ያረፈው በቀዶ ሕክምናው ባለቤት ቃል ላይ ነው፤ ተቃውሞ ሊያሰሙ የሚገባቸው ሰዎች ደግሞ ድምፃቸውን አጥተው ነበር።

ቀዶ ሕክምናው አትላንቲክን ለመሻገር አንድ ዓመት አልፈጀበትም። በአሜሪካ ዋልተር ፍሪማን እና ጄምስ ዋትስ በ1936 ሎቦቶሚ በሚል ስም ጀመሩት። ፍሪማን በኋላ በዓይን ጎድጓዳ በኩል በመዶሻ የሚገባ ሹል ብረት ይጠቀሙ ጀመር። በአሜሪካ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ተደረገ። ከእነሱም አንዷ፣ በ1941 በ23 ዓመቷ ቀዶ ሕክምናው የተደረገላት የኋለኛው ፕሬዝዳንት የጆን ኤፍ ኬኔዲ እኅት ሮዝሜሪ ኬኔዲ ነበረች። መራመድና መናገር ተስኗት፣ ዕድሜዋን ሙሉ በሌሎች እንክብካቤ ሥር ኖረች።

በ1939 ሞኒዝ በሥራ ቦታቸው ሳሉ አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ በሽጉጥ ደጋግሞ ተኮሰባቸው። ሌውኮቶሚ ከተደረገላቸው ሰዎች አንዱ ነው የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ ቢነገርም ስሕተት ነው። ከቁስሉ ድነው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ1949 ነው። ሌውኮቶሚ በአንዳንድ የአእምሮ ሕመሞች ላይ አለው ስለተባለው ፈዋሽነት፣ ከስዊዘርላንዳዊው ዋልተር ሄስ ጋር ተካፍለው ተሸለሙ። ለፖርቱጋል የመጀመሪያው የኖቤል ሽልማት ነበር። በሽልማቱ ምክንያት ውስጥ አንጂዮግራፊ አልተጠቀሰም። በቀጣዩ ዓመት ሶቪየት ኅብረት ቀዶ ሕክምናውን ከለከለች፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች ሲመጡም በየቦታው እየቀረ ሄደ። የተጎጂ ቤተሰቦች ሽልማቱ እንዲሰረዝ ከጊዜ በኋላ ቢጠይቁም አልተሰረዘም።

ሞኒዝ በዲሴምበር 1955 በሊዝበን አረፉ።

እንደ ጭስ የሚበተን

ካረፉ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1957፣ ታኬዑቺ እና ሺሚዙ የተባሉ ጃፓናውያን ሐኪሞች በአንጂዮግራፊ ያዩትን እንግዳ ነገር ዘገቡ። የአንድ ሕመምተኛ ወደ አንጎል የሚወጡት ሁለት ትላልቅ ደም ሥሮች በሁለቱም በኩል ጠብበው ነበር። በ1969 ደግሞ በሰንዳይ ከተማ የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሆኑት ሱዙኪ እና ታካኩ በሽታውን ሞያሞያ ብለው ሰየሙት። ቃሉ በጃፓንኛ በአየር ላይ የሚንሳፈፍን የሲጋራ ጭስ የመሰለ ነገር ይገልጻል። ትልቁ መንገድ ሲጠብ፣ ሰውነት ደም ለማሻገር በአንጎል ሥር እጅግ ጥቃቅን ደም ሥሮችን ያበቅላል፤ እነዚያ ናቸው በፊልሙ ላይ ጭስ የሚመስሉት። ያለ ሞኒዝ ዘዴ ይህ በሽታ ስምም አይኖረውም ነበር።

ሞያሞያ በብዛት የሚታየው በምሥራቅ እስያ ሲሆን በሌላው ዓለም ብርቅ ነው። ሆኖም ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም ያለባቸው ልጆች ተመሳሳይ የደም ሥር ጥበት ሊይዛቸው ይችላል። ሲክል ሴል በዩጋንዳ፣ በታንዛኒያና በምዕራብ ኬንያ ብዙ ቤተሰቦች የሚያውቁት ሕመም ስለሆነ፣ ነገሩ ለምሥራቅ አፍሪካም ሩቅ አይደለም።

በሕፃናት ላይ ምልክቱ አሳሳች ነው። ልጁ ሲያለቅስ ወይም ትኩስ ምግብ እፍ ሲል ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ የአንጎሉ ደም ሥሮች ይጨማደዳሉ። ቀድሞውኑ በጥቂት ደም የሚኖረው አንጎል ያኔ ይራባል፤ የልጁ እጅ ይዝላል፣ አንደበቱ ይታሰራል። ከደቂቃዎች በኋላ ሁሉም ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ወላጅ ልጁ አኩርፎ ወይም ደክሞት ሊመስለው ይችላል። ቀጣዩ ግን ቋሚ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። በአዋቂዎች ላይ ደግሞ እነዚያ እንደ ጭስ የሳሱ ደም ሥሮች ፈንድተው አንጎል ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል።

ጥበቱን የሚያስቆም መድኃኒት የለም። አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ይረዳል እንጂ መንገዱን አይከፍትም። የጠበበውን በፊኛ ወይም በብረት ወንፊት ለማስፋት የተደረጉ ሙከራዎችም አልዘለቁም፤ መልሶ ይጠብባል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሞች የታመመውን ቦታ ሳይነኩ ሌላ መንገድ ይሠራሉ። ደሙን የሚያመጡት ከራስ ቆዳ ነው።

አንደኛው መንገድ ቀጥተኛው ነው። ከጆሮ ፊት ወደ ላይ የምትወጣው፣ ጣት ሲያርፍባት የምትመታው የራስ ቆዳ ደም ሥር ተለይታ ትወጣና፣ በቅል ላይ በተከፈተ መስኮት በኩል ከአንጎል ገጽ ደም ሥር ጋር ትሰፋለች። ሁለቱም አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ናቸው፤ ስፌቱ የሚሠራው በማይክሮስኮፕ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ነው። ይህን መጀመሪያ በሰው ላይ ያደረጉት ቱርካዊው ጋዚ ያሳርጊል በ1967 በዙሪክ ናቸው። ጥቅሙ ደሙ ወዲያው መፍሰሱ ነው። አደጋውም ከዚያው ይመጣል፤ ለዘመናት በጥቂት ደም የኖረ አንጎል በድንገት ሲጎርፍበት ሊያብጥ ወይም ሊደማ ይችላል።

ሁለተኛው ትዕግሥት ይጠይቃል። ደም ሥሯ ሳትቆረጥ፣ ወይም ከጆሮ በላይ ያለው ጡንቻ፣ በአንጎሉ ገጽ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። በወራት ውስጥ አንጎሉ ራሱ ከእሷ አዳዲስ ቅርንጫፎችን ይስባል። ደም ሥራቸው ለመስፋት እጅግ ቀጭን በሆነ ሕፃናት ላይ ይህ ዘዴ ይመረጣል፤ ሰውነታቸውም አዲስ ደም ሥር ለማብቀል ፈጣን ነው። በአዋቂዎች ላይ ውጤቱ እርግጠኛ ስላልሆነ ቀጥተኛው ወይም የሁለቱ ጥምር ይዘወተራል። በየትኛውም ቢሆን ማደንዘዣ ሰጪው ትንፋሽንና የደም ግፊትን በጥንቃቄ መጠበቅ አለበት፤ ለሚያለቅስ ልጅ አደገኛ የሆነው ፈጣን አተነፋፈስ በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይም አደገኛ ነው።

ቀጥተኛው ዘዴ የሌውኮቶሚ ዕጣ አልደረሰበትም። በመጀመሪያ የታሰበው በስብ ክምችት ደም ሥራቸው ለተዘጋ ብዙኃን ሕመምተኞች ነበር፤ ሐኪሞችም ወደውት ነበር። ከ1,300 በላይ ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ያወዳደረ ዓለም አቀፍ ጥናት በ1985 ለእነዚያ ሰዎች ስትሮክን እንደማይከላከል አሳየ፤ ለእነሱ መሠራቱም ቀነሰ። ለሞያሞያ ግን ቀጠለ። በ2014 የወጣ የጃፓን ጥናትም ቀደም ሲል አንጎላቸው ውስጥ ደም በፈሰሰባቸው አዋቂዎች ላይ ዳግም መድማትን እንደሚቀንስ አመለከተ።

በሊዝበን አንድ ሆስፒታል በሞኒዝ ስም ይጠራል፤ የአቫንካው ቤታቸውም ሙዚየም ሆኗል። ምስላቸው ዩሮ ከመምጣቱ በፊት በ10,000 ኤስኩዶ የብር ኖት ላይ ታትሞ ነበር። ዘዴያቸው ግን አሁን አንገት መክፈት አያስፈልገውም፤ ቀጭን ቱቦ ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ተነሥቶ እስከ አንገት ይደርሳል።

የሞያሞያ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ ከወራት በኋላ ለክትትል ሲመለስ ይኸው ምስል እንደገና ሊነሣለት ይችላል። ሐኪሞቹ መጀመሪያ የሚያዩት ከራስ ቆዳ የመጣችው ደም ሥር ወፍራ ቅርንጫፎች ማውጣቷን ነው። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ አንጎሉ ሥር ዝቅ አድርገው ጭሱ ሳስቶ እንደሆነ ይፈልጋሉ።